እህት ቨርኔል እጃቸውን ሲያነሡ

«ደግሞ ሊያወጡን ነው» አለች ካምሪን፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

ዛኒያ ዓይኗን ከመዘምራኑ መሪ፣ ከአያቷ ከእህት ቨርኔል ቀኝ እጅ ላይ ማንሣት አልቻለችም። እጁ እስካሁን አየር ላይ ክብ ሲሠራ ነበር። ክብ ማለት «ድገሙት» ማለት ነው፤ አዝማቹን እየመላለሱ እዚያው መቆየት። አሁን ግን ክቡ መሀል መንገድ ላይ ፈረሰና እጁ ክሩ እንደተበጠሰ ፊኛ ቀስ እያለ ወደ ላይ መንሳፈፍ ጀመረ። እጅ ወደ ላይ ሲወጣ ትርጉሙ ሌላ ነው፤ «ውጡ፣ ዜማውን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉት» ማለት ነው። ወንድም ሎኒ ከኦርጋኑ ቀና ብሎ አየ፣ ዓይኑን ጨፈነና ከፍ አደረገው። መዘምራኑም ተከትለው ወጡ።

በዚህ መዝሙር ሲወጡ ይህ የመጀመሪያቸው አልነበረም። ሶፕራኖዎቹ መዘመር ትተው መጮህ ከጀመሩ ቆይተዋል። የቴነሮቹ የአንገት ሥር ተገትሯል። ካምሪን ድምፅ የሚባል ነገር ስላልቀራት አፏን ብቻ ትከፍትና ትዘጋለች። ሎኒ ላቡን በትከሻው እየጠረገ፣ ከዚህ በላይ ወዴት እንደሚኬድ ኦርጋኑን የሚጠይቀው ይመስላል።

እጁ እንደገና ተነሣ። እንደገና ወጡ።

ምዕመናኑ ግን ሌላ ዓለም ውስጥ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኑ ድሮ ሲኒማ ቤት ስለነበር ወለሉ ወደ መድረኩ ያዘቀዝቃል፤ ሰዉ ብድግ ሲል ከኋላ ማዕበል የሚመጣ ይመስላል። ትልልቅ ባርኔጣ ያደረጉት እናቶች መሀረባቸውን እያውለበለቡ አለቀሱ። ፓስተሩ የስብከቱን ወረቀት አስቀምጦ የአትሮንሱን ጠርዝ በመዳፉ ደበደበ። በዚያ እሑድ መንፈስ ቅዱስ ወረደ ተባለ። ወርዶም ይሆናል፤ ዛኒያ ይህን ለመካድ አልደፈረችም። እሷ የምታውቀው አያቷ «ድገሙት» እንዳሉ ብቻ ነው።

ከአምልኮው በኋላ፣ ጋውን የሚለወጥበት ክፍል ውስጥ፣ እህት ቨርኔል በሩን በከዘራቸው ገፍተው ዘጉና ሁሉንም በየተራ አዩ። ማን ውጡ እንዳላቸው ጠየቁ። ድገሙት ባሉ ቁጥር እንደ ፍየል ሽቅብ የሚያስሮጣቸው ምን እንደሆነ ጠየቁ። አርባ ሰው ጫማውን አየ። ከመካከላቸው የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ነበረች፣ ጡረታ የወጣ ፖሊስም ነበር። አንዳቸውም «ያወጣን እጅዎ ነው» አላሉም።

ዛኒያም አላለችም። ብቻ ጋውኗን ስታጥፍ እጅጌውን ሊቀደድ እስኪደርስ ጎተተችው።

እህት ቨርኔልን ስትሮክ የመታቸው ከገና በፊት ነበር። ምላሳቸው ተመለሰ። እግራቸው በከዘራ ተመለሰ። ቁጣቸው መጀመሪያውኑ አልሄደም። ቀኝ እጃቸውም ዳነ ተባለ፤ ማንኪያ ይይዛል፣ ስልክ ያነሣል፣ የዛኒያን ጆሮም ይቆነጥጣል። ችግሩ የሚመጣው ዓይናቸውን ከላዩ ሲያነሡ ነው። ሲያዩት የሚታዘዛቸው እጅ፣ ካላዩት የት እንዳለ አይታወቃቸውም፤ የራሱን መንገድ ይሄዳል። ቤት ውስጥ ኩባያ ይዘው ወደ መስኮቱ ዞር ሲሉ ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ይፈስሳል። ከዚያ ጥፋተኛ ይፈለጋል። ከዛኒያ በቀር እቤት የሚውል ሰው ስለሌለ ጥፋተኛው ቶሎ ይገኛል።

ነርስ የሆነችው እናቷ ነገሩን ታውቀዋለች። «ነግሬያት ነበር» አለቻት አንድ ቀን፣ ለሥራ ልትወጣ ጫማዋን እያሰረች። «"የወለድኩሽ እኔ ነኝ" አለችኝ። እስቲ ለዚህ ምን ይመለሳል?»

መቼም ቢሆን ግን የመዘምራን መሪ እጁን አያይም። የሚያየው የዘማሪዎቹን ፊት ነው።

እህት ቨርኔል ኖታ ማንበብ አይችሉም። ከሚሲሲፒ በባቡር ቺካጎ ሲገቡ ልጅ ነበሩ። ካደጉ በኋላ ቀን ፖስታ ቤት ደብዳቤ እየለዩ፣ ከሥራ ሲወጡ እዚህ አሮጌ መድረክ ላይ ቆመው ለሶፕራኖው የሶፕራኖን፣ ለአልቶው የአልቶን፣ ለቴነሩ የቴነርን ዜማ በራሳቸው ጉሮሮ እያንቆረቆሩ አስጠኑ። ወረቀት የለም፤ ጆሮና እጅ ብቻ። ስለዚህ ሕጋቸው አንድ ነበር፦ «እጄ ከተሳሳተ ከእጄ ጋር ተሳሳቱ።» ድሮ አንድ ቴነር የእጃቸውን ስሕተት በገዛ ራሱ አስተካክሎ ቢዘምር፣ ክረምቱን ሙሉ ከምዕመናን ጋር ተቀምጦ ሌሎች ሲዘምሩ እንዲሰማ ተደረገ ይባላል። ቴነሩ ትክክል ነበር። ይህንንም እሳቸው ራሳቸው አምነዋል፤ ቢሆንም ተቀመጠ።

እሳቸው ያሳደጓቸው ዘማሪዎች ዛሬ በዲትሮይትና በሜምፊስ፣ በሴንት ሉዊስም የየራሳቸውን መዘምራን ይመራሉ። ሁሉም የሚመሩት በእሳቸው ክብ ነው፤ ሁሉም የሚያቆሙት በእሳቸው ጡጫ ነው። የሰባ ዘጠነኛውን መንገድ አውቶቡስ የሚነዳ አንድ የቀድሞ ባስ ዘማሪ አለ፤ ተሳፋሪ ሲጯጯህበት ወደ ኋላ ሳይዞር ጡጫውን ያነሣል። ዝም የሚሉለትም አሉ። በሰኔ የመጀመሪያው እሑድ እነዚህ ሁሉ ሊመጡ ነው። የእህት ቨርኔል የአገልግሎት በዓል ነው፤ አዳራሹ ይሞላል፤ እሳቸውም ሦስት መዝሙር ሊመሩ ነው።

በዓሉ ሲቃረብ የአልቶዎቹ አለቃ እህት ግዌን ጥቂት ሰዎችን ምድር ቤቱ ውስጥ ባለው ወጥ ቤት ሰበሰቡ። ዛኒያን ዓሣ ጥበሳ እንድታግዝ ብለው ነው የጠሯት፤ ዓሣ ግን አልነበረም። ሎኒ ማቀዝቀዣው ላይ ተደግፎ ቆሟል።

እህት ግዌን ነገሩን ያስረዱት እንደ ቀላል ነገር ነው። ዛኒያ በፊተኛው ረድፍ መሀል፣ የሶፕራኖና የአልቶ ድንበር ላይ ነው የምትቆመው። ከኋላዋ ያሉት ሁሉ ጀርባዋን ያያሉ። አያቷ ደግሞ ጀርባዋን አያዩም። ስለዚህ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ትክክለኛውን ምልክት በጣቷ ትሰጣለች፤ መዘምራኑ ከአያቷ ላይ ዓይናቸውን ያነሡ ሳይመስሉ እሷን ይከተላሉ። ትክክለኛውን በምን ታውቃለች? ከፊታቸው። ሊያወጡ ሲያስቡ የግራ ቅንድባቸው ይነሣል፤ ሊያቆሙ ሲያስቡ ከንፈራቸው ይጠብቃል። ይህን ፊት እንደ እሷ የሚያነብ የለም፤ አብራው ነው የምትኖረው።

«ለምን ዝም ብላችሁ አትነግሯቸውም?» አለች ዛኒያ።

«እኔ?» አሉ እህት ግዌን። «ከአልቶ አውጥተው የሕፃናት ጫማ አሳሪ እንዲያደርጉኝ?»

«እኔ እንኳ አንድ ጊዜ ሞክሬ ነበር» አለ ሎኒ። «"እህት ቨርኔል፣ እጅዎ..." ስል "እጄ ምን?" አሉኝ። "እጅዎ ያምራል" አልኳቸው።»

«ስለዚህ በገዛ አያቴ ላይ ሙድ እንድይዝ ነው የምትፈልጉት።»

እህት ግዌን ይህ ሙድ መያዝ እንዳልሆነ፣ ፍቅር እንደሆነ፣ ጌታም ልብን እንደሚያይ ረጋ ብለው አስረዷት። ብዙ ተናገሩ። ዛኒያ ከሁሉ የገባት ግን አንድ ነገር ነው፤ ትልልቆቹ የፈሩትን ነገር ለእሷ አሸክመው ወደየቤታቸው ሊሄዱ ነው። በልቧ «ጌታ ሆይ፣ ይህን ሁሉ ሰው ትተህ እኔን ብቻ ነው ያየኸው?» አለች። ከዚያ እሺ አለች።

የመጨረሻው ልምምድ ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ዕቅዱም ሠራ፤ ሠራ ማለት ብቻ አይበቃም። የእህት ቨርኔል ቀኝ እጅ ወደ ጣራው ሲንሳፈፍ መዘምራኑ አዝማቹ ላይ ጸንተው ቆዩ፤ እጁ ጎን ላይ ተንጠልጥሎ ሲረሳም በሰዓቱ ቆሙ። እሳቸውም ሎኒን አንዴ «ዘገየህ» ብለው ከመቆጣታቸው በቀር፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ፊታቸው ፈካ። ይሄውላችሁ፣ ስታዩኝ እንዲህ ነው የሚሆነው አሉ። ለፓስተሩም ገና አልደከምኩም፣ ከበዓሉ በኋላ የሕፃናቱን መዘምራን ጭምር እኔው እይዛለሁ ብያቸዋለሁ ሲሉ እህት ግዌን አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

ከዚያ እህት ቨርኔል ወደ ልጅ ልጃቸው ዞሩ።

«ዛኒያ፣ ነገ የኋላ ረድፍ ትቆሚያለሽ።»

«ምን አደረግሁ?»

«ይሄ ሁሉ ሰው እጄን ሲያይ አንቺ ብቻ ዓይንሽ ሌላ ቦታ ነበር። ፊቴን ምን ታደርጊዋለሽ? እጅሽን ደግሞ ወደ ኋላ አጣምረሽ እንደ ገበያ አዳራሽ ዘበኛ ትቆሚያለሽ። ኋላ።»

እህት ግዌን ልጅ ናት፣ ይለፏት ብለው ለመኑ። ሎኒም የሆነ ነገር አጉረመረመ። እህት ቨርኔል ጡጫቸውን ለማሳየት እጃቸውን አነሡ፤ እጃቸው ግን ተከፍቶ ደህና ሁኑ እንደሚል ሰው ተወዛወዘ። ያም ሆኖ ልመናው ቆመ።

«በቃ ተበላን» አለች ካምሪን፣ ወደ አውቶቡሱ ሲሄዱ። «ከኋላ ረድፍ ምልክትሽን ማን ያየዋል? ግድግዳው?»

«ተዪኝ እስቲ አቦ።»

«እኔ ምን አልኩ? ዲትሮይቶቹ ግን በቪዲዮ ነው የሚቀርፁት። አያትሽ እጃቸውን ሲያወናጭፉ፣ እኛ ደግሞ እንደታነቀች ዶሮ...»

«ካምሪን፣ ተዪኝ አልኩሽ።»

ቤት ሳትደርስ እህት ግዌን ደወሉላት። ይቅርታ ጠይቂያቸው አሏት፤ ካስፈለገም አልቅሺ። ዛኒያ ስልኩን ዘግታ መንገዱ ላይ ቆመች። የምታለቅሰው ተናድዳ ከሆነ ቀላል ነበር፤ እንባዋ ጫፍ ላይ ነው። አያቷን ለማዳን ዋሸች፤ ስለ ውሸቷ የቀጧት ደግሞ ያዳነቻቸው አያቷ ናቸው። አሁን ዋሽቼ ስለነበር ይቅር ይበሉኝ ሳይሆን፣ እንደገና እንድዋሽ ቦታዬን ይመልሱልኝ ብላ ልታለቅስ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ለማን ይነገራል?

ከሰዓት በኋላ እህት ቨርኔል የበዓሉን ኬክ ምድጃ ውስጥ ከትተው ዛኒያ ጋውናቸውን ስትተኩስ ይቆጣጠሩ ነበር። ኮሌታው አልቀናም፤ ካውያው ሞቀ፤ ካውያው በረደ። ዛኒያ በመጨረሻ ካውያውን አቁማ ፊት ለፊት እንድቆም ይፍቀዱልኝ አለች። ይቅርታ የሚለው ቃል ግን ከአፏ አልወጣም።

«አየሽ፣ አንቺ የማትሰሚው ልብሽ ስለማይሰበሰብ ነው» አሉ አያቷ፣ ከወንበራቸው እየተነሡ። «እስቲ ነይ። እዚህ ቁሚ። እኔ እዚያ መድረኩ ላይ ነኝ። አሁን ምን እያልኩሽ ነው?»

ዓይናቸውን ዓይኗ ላይ ተክለው ቀኝ እጃቸውን አንቀሳቀሱ። ቅንድባቸው ጸጥ ብሏል፤ ከንፈራቸው ልል ነው። ድገሙት ማለታቸው ነው። እጃቸው ግን ከጆሯቸው በላይ ወጥቶ፣ ጣቶቹ እንደተዘረጉ፣ የማብሰያ ቤቱን መብራት ሊነካ ምንም አልቀረውም።

«እጅዎ የሚለውን ነው የምነግርዎት?» አለች ዛኒያ።

«ታዲያ የማንን?»

«ውጡ ነው የሚለው።»

«ክብ እየሠራሁ ነው፣ አንቺ ልጅ። ክብ ማለት ምን ማለት ነው?»

«እማማ፣ እጅዎን ይዩት።»

«መሪ እጁን አያይም።»

«አሁን መድረክ ላይ አይደሉም። ማብሰያ ቤት ነን። ይዩት።»

ቁጣቸውን ያስቆመው ድምፅዋ ውስጥ የነበረው ነገር ሳይሆን አይቀርም። እህት ቨርኔል ለቁጣ የሳቡትን ትንፋሽ ሳያወጡ አንገታቸውን ወደ ቀኝ አዞሩ። ከጎናቸው የጠበቁት ቦታ ላይ እጅ አልነበረም። ዓይናቸው ቀስ እያለ ወደ ላይ ተከተለው፤ እላይ አገኘው። እጁ እንደታየ ያወቀ ይመስል መወዛወዙን አቆመ።

ከምድጃው የኬኩ ሽታ መውጣት ጀምሯል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉ በመጨረሻ። ሲናገሩ እጃቸውን እያዩት ነው ያወረዱት፤ ጠረጴዛው ላይ እንደ ሰው ዕቃ አስቀመጡት።

«ወደ መዘምራኑ ከተመለሱ ጀምሮ።»

«ሎኒ ያውቃል?»

«ሁሉም ያውቃል።»

«ፓስተሩስ?»

«ፓስተሩ መንፈስ ቅዱስ መስሎት ነው።»

በአፍንጫቸው አጭር ትንፋሽ ወጣ። ሳቅ ሊሆን ይችል ነበር፤ አልሆነም። ተቀመጡ። ዛኒያ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የምድር ቤቱን ስብሰባ፣ ከጀርባ የሚሰጠውን ምልክት፣ የዛሬው ልምምድ ለምን እንዳማረ። እየነገረቻቸው ፊታቸውን አየች። ሁልጊዜ የምታነበው ፊት አሁን የተዘጋ ሱቅ ሆኖባት ነበር።

«አርባ ሰው» አሉ። «አንድ ደፋር የለውም?»

«ያሳደጉን እርስዎ ነዎት።»

ከአፏ ከወጣ በኋላ ደነገጠች። አያቷ ግን አልተቆጡም። ከዘራቸውን ፈልገው አገኙትና ምንም ሳያደርጉበት መልሰው አስደገፉት።

«ዙሪና አሳዪኝ» አሏት።

«ምኑን?»

«ከጀርባሽ የምታደርጊውን። እኔ እዘምራለሁ።»

ዛኒያ ፊቷን ወደ ማቀዝቀዣው አዞረች። ከኋላዋ አያቷ የሦስተኛውን መዝሙር አዝማች በለሆሳስ ያዙ፤ እሷም ጣቷን አዞረች፣ ደገመች፣ ከዚያ ጨበጠች። ድምፁ ቆመ።

«ጡጫሽ ይዘገያል» አሉ እህት ቨርኔል። «ቃሉ ሳያልቅ ነው የሚጨበጠው፤ ካለቀ በኋላ አይደለም። ጠዋት ሎኒን የተቆጣሁት በአንቺ ጥፋት ነው። ድገሚው።»

ዛኒያ ዓይኗን ወደ ጣራው አንከባለለችና ደገመችው። እንደገና አስደገሟት። ኬኩ ሊያርር ሲል ነው የተዋት። ከዚያ ምድጃውን ከፍተው፣ ቀኝ እጃቸውን በዓይናቸው እየጠበቁ፣ ኬኩን ራሳቸው አወጡት።

«ነገ ፊት ትቆሚያለሽ» አሉ፣ ጀርባቸውን ሰጥተዋት።

«እኔ ነኝ የምመራው ወይስ እርስዎ?»

«ከያዝኳቸው ተዪኝ። ካልያዝኳቸው ያዢያቸው።»

«እንዴት ነው የማውቀው?»

«ዓይን የለሽም?»

«እማማ፣ ይሄ መልስ አይደለም።»

«እጅጌው ላይ ተጨማዷል» አሉ፣ ወደ ጋውኑ በአገጫቸው እየጠቆሙ። «ድገሚው።»

በማግሥቱ አዳራሹ እስከ አፍ ገደፉ ሞላ። ከዲትሮይት በአውቶቡስ የመጡት መተላለፊያው ላይ ተጨማሪ ወንበር ዘርግተው ተቀመጡ። የሜምፊሱ መሪ ጠጉሩ የሸበተ ሰውዬ ነው፤ ማይክሮፎን ይዞ እህት ቨርኔል እንዴት ታጋሽ፣ እንዴት ገር እንደነበሩ ሲናገር ድምፁ ተሰበረ። ካምሪን «ስለ የትኛዋ እህት ቨርኔል ነው የሚያወራው?» አለች። የሴንት ሉዊስ ተወካይ ደግሞ ተቆጥተው አያውቁም ሲል ሎኒ ሳል ያዘው። ዛኒያ እየሰማች ነደዳት። ይሄ ሁሉ ሰው መጥቶ እንኳ አንድ እውነት የሚናገር ጠፋ። ክረምቱን ሙሉ ስለተቀመጠው ቴነር ማንም አላወራም። እሳቸው ራሳቸው በክብር ወንበራቸው ላይ ጥርስ የሚያማቸው ሰው መስለው ተቀምጠዋል።

ተነሥተው ወደ መድረኩ ሲመጡ ቀኝ እጃቸውን ጋውናቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ግራ እጃቸውን አነሡ።

ከዛኒያ ጀርባ ማጉረምረም ተሰማ። እህት ግዌን «በዕቅዳችን» አሉ በሹክሹክታ። እሷም እጇን ወደ ኋላ አጣመረች።

የመጀመሪያው መዝሙር ላይ ግራ እጃቸው ተንገዳገደ። ክቡ ጠበበ፣ ጡጫውም ቃሉ ካለፈ በኋላ መጣ፤ ትናንት እሷን የተቆጡበትን ጥፋት ራሳቸው አጠፉት። ዛኒያ ከጀርባዋ ያዘችላቸው፤ መዘምራኑም በሰዓቱ ቆሙ። አዳራሹ አጨበጨበ።

ሁለተኛው ላይ ግራ እጁ መንገዱን ያገኘ መሰለ። ክቡ ሰፋ፤ ጡጫውም ቃሉ ሳያልቅ ተጨበጠ። የዛኒያም ጡጫ እኩል ተጨበጠ። መዝሙሩ በቢላ እንደተቆረጠ ቆመ። ሰዉ ብድግ አለ፣ ሎኒ ወንበሩ ላይ ዘለለ። እህት ቨርኔል ግን ወደ ምዕመናኑ አልዞሩም። ዛኒያን ነው ያዩት። ቅንድባቸው አልተነሣም፣ ከንፈራቸው አልጠበቀም። አላዘዟትም፣ አልለመኗትም፤ ብቻ አዩዋት።

ያን ጊዜ ገባት። መዘምራኑን ማን እንደያዛቸው እሳቸው አያውቁም። እሷም አታውቅም። እጇ ከጀርባዋ እስካለ ድረስ መቼም አይታወቅም፤ እሳቸው ሌላ ዓመት ቢመሩ፣ ሌላ አሥር ዓመት ቢመሩም አይታወቅም። እጇን ከጀርባዋ ብታነሣና ግራ እጁ ቢንገዳገድ ደግሞ ይህ ሁሉ ሰው፣ ዲትሮይቱም ሜምፊሱም፣ መዘምራኑ ሲበታተኑ ያያል። በቪዲዮም ይቀረፃል። የእህት ቨርኔል የመጨረሻ ነገር እሱ ይሆናል።

በሁሉም በየተራ ተናደደች። ፈርተው እሷን ባስቀደሙት በእህት ግዌን ተናደደች። «እጅዎ ያምራል» ባለው በሎኒ ተናደደች። ዓይን የለሽም ብለው በተዋት በአያቷ ከሁሉ ይበልጥ ተናደደች። ሎኒ የሦስተኛውን መዝሙር መግቢያ ሲጀምር «ጌታ ሆይ፣ እባክህ» ብላ ቀረች።

ሥንኞቹ አለፉ። አዝማቹ መጣ፤ እየተደጋገመ የሚሰፋው፣ መቼ እንደሚወጣና መቼ እንደሚቆም በመሪው እጅ ብቻ የሚታወቀው ቦታ ላይ ደረሱ። ከኋላዋ እህት ግዌን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ምልክቱን ስጪን ማለታቸው ነው።

ዛኒያ እጆቿን ከጀርባዋ አመጣችና ከፊት ለፊቷ፣ ከኋላ ማንም በማያይበት፣ ጋውኗ ላይ አጣመረቻቸው።

«አንቺ ልጅ» አሉ እህት ግዌን በጥርሳቸው መሀል። «እጅሽ። እጅሽስ?»

አልዞረችም። ከጀርባዋ የሚያዩት ነገር ያጡ ሰዎች በየተራ ቀና ሲሉ የጋውኖቹ ኮሽ ኮሽ የሚል ድምፅ ተሰማት። አጠገቧ ካምሪን «ውይ» አለችና እሷም ቀና አለች።

ግራ እጁ አየር ላይ ተከፍቶ ቆሟል፤ ገና ምንም አላለም። ዛኒያ ዓይኗን እሱ ላይ ተክላ ከሌሎቹ ጋር ትንፋሿን ሳበች።